መዝገቡ ላይ ማን ይግባ? ዘንቢሉ ውስጥስ ምን ይግባ?

በአሜሪካ ባሉ የሐበሻ አብያተ ክርስቲያናት ከአምልኮ በኋላ ሻይ ሲጠጣ፣ ወይም በየቤቱ በሚደረገው የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መካከል፣ በየጊዜው የሚነሣ ጨዋታ አለ። “በፉድ ስታምፕ ኮካ መግዛት ልክ ነው?” ይላል አንዱ። ሌላው፣ “እኔ ሁለት ሥራ እየሠራሁ ግብር እከፍላለሁ፤ እነሱ ግን…” ብሎ ይጀምርና ሳይጨርሰው ይተወዋል። በዚያው ክፍል ካርዱን በቦርሳዋ ይዛ ዝም ብላ የምታዳምጥ እኅት መኖሯን ብዙ ጊዜ ማንም ልብ አይልም።

ጨዋታው በውስጡ ሁለት ጥያቄ ይዟል። እርዳታውን ማን ይቀበል? የተቀበለውስ ምን ይግዛበት? ሁለቱም ጥያቄዎች የቆዩ ናቸው፤ አሜሪካኖች ከዘጠና ዓመት ገደማ በፊት ጀምረው ሲከራከሩባቸው ኖረዋል። ታሪኩን ሳናውቅ በወንድማችን ዘንቢል ላይ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት፣ ነገሩ ከየት እንደመጣ ማየቱ የሚጠቅመን ይመስለኛል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጽሐፍ ቅዱስ ለመጀመሪያው ጥያቄ ባዳ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን የተነሣው የመጀመሪያው ማጉረምረም ስለ ምግብ እደላ ነበር። በቋንቋ ከሌላው ወገን የሆኑት መበለቶች በየዕለቱ በሚታደለው ቸል ተባሉ። ሐዋርያትም ነገሩን አላድበሰበሱትም፤ ሰባት ሰዎች አስመርጠው ሾሙበት። ጳውሎስም በ1ኛ ጢሞቴዎስ 5 በመዝገብ ላይ ልትጻፍ የሚገባትን መበለት ሲገልጽ መመዘኛዎቹን አንድ በአንድ ያስቀምጣል። ዕድሜዋ ከስድሳ ያላነሰ፣ በመልካም ሥራ የተመሰከረላት፣ እንግዳ የተቀበለች፣ የቅዱሳንን እግር ያጠበች ትሁን ይላል። ዘመድ ያላት በዘመዶቿ ትደገፍ፣ ቤተ ክርስቲያን አይክበዳት ይላል። ለተሰሎንቄ ሰዎች መሥራት ስለማይወድ ሰው የጻፈውንም ሁላችን እናውቀዋለን። ስለዚህ “መመዘኛ ማውጣት ፍቅር የጎደለው ነው” የሚል ሰው ከጳውሎስ ጋር መነጋገር አለበት። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ውስጥ ማን እንደሚመዘገብ እንጂ፣ የተመዘገበችው መበለት ምን እንደምትበላ የሚወስን መስመር አላገኘሁም።

ብርቱካናማና ሰማያዊ

ፉድ ስታምፕ ከረሃብ ብቻ አልተወለደም፤ ከትርፍም ጭምር ተወልዷል። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን የአሜሪካ ገበሬ ምርቱን የሚገዛው አጣ፤ በከተማ ያለው ሥራ አጥ ደግሞ የሚገዛበት አጥቶ ለዳቦና ለሾርባ ተሰለፈ። በ1933 መንግሥት የዋጋውን መውደቅ ለመግታት ብሎ ስድስት ሚሊዮን ገደማ አሳማዎች ገዝቶ አሳረደ። ከሥጋው የተወሰነው ለችግረኞች ቢታደልም ብዙው ለምግብ ሳይውል ቀረ። የተራበ ሕዝብ እያየ እንዲህ ሲደረግ ቁጣው ከፍተኛ ነበር። በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ መንግሥት ትርፉን ምርት ገዝቶ ለድሆች የሚያድል ድርጅት አቋቋመ። ቤተሰቡ ይሰለፋል፣ የተሰጠውን ይቀበላል፣ ይሄዳል። ይህም ቢሆን ባለሱቆቹን ደንበኛ ስላሳጣቸው አላስደሰተም።

ከዚያ በኋላ የግብርና ሚኒስትሩ ሄንሪ ዋላስና ባልደረባው ማይሎ ፐርኪንስ ሌላ መንገድ አመጡ። ፐርኪንስ ነገሩን በሁለት ገደሎች መስሎታል፤ በአንዱ ገደል አናት የተቆለለ ምርት፣ በሌላው እጁን የዘረጋ የተራበ የከተማ ሰው፣ በመካከላቸው ድልድይ የሌለው ሸለቆ። ድልድዩ በሜይ 16 ቀን 1939 በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር በሮቸስተር ከተማ ተሠራ። ከመንግሥት እርዳታ የሚያገኝ ሰው በገንዘቡ ብርቱካናማ ኩፖን ይገዛል። አንድ ዶላር በከፈለ ቁጥር የአንድ ዶላር ብርቱካናማ ኩፖን ይቀበላል፤ በላዩም የ50 ሳንቲም ሰማያዊ ኩፖን በነጻ ይጨመርለታል። በብርቱካናማው የፈለገውን ምግብ ይገዛል። በሰማያዊው ግን የሚገዛው ሚኒስቴሩ “ይህ ተርፏል” ብሎ ያወጀውን ብቻ ነው። ቅቤ፣ እንቁላል፣ ዱቄት፣ ባቄላ፣ ብርቱካን፣ የደረቀ ፕሪም በዝርዝሩ ውስጥ ነበሩ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። “ይህን ብቻ ግዛ” የሚለው የመጀመሪያው ደንብ ለድሃው ጤና ታስቦ የወጣ አልነበረም። ቅቤ ወደ ዝርዝሩ የገባው ለሰውነት ስለሚበጅ ሳይሆን ስለተረፈ ነው። የድሃው ዘንቢል የገበሬውን ችግር መፍቻ ሆነ። ይህን የምለው ሥራውን ለማንኳሰስ አይደለም፤ አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ ሃያ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው ረድቷል። ነገር ግን በ1943 ጦርነቱ ሥራ አጡንም ትርፉንም ሲወስደው ፕሮግራሙ ተዘጋ።

በአገር ቤት በድርቅ ዘመን ያደግን ሰዎች የዚህን አስተሳሰብ ሌላ ቅርንጫፍ በእጃችን ይዘነዋል። በ1954 ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር የፈረሙት ሕግ ትርፉን የአሜሪካ እህል ወደ ውጭ አገር መላኪያ በር ከፈተ። ሁለት የተጨባበጡ እጆች የታተሙበት የስንዴ ጆንያና የዘይት ጣሳ በስንቱ የኢትዮጵያ ገጠር ደረሰ! ብዙ ነፍስ አትርፏል፤ እግዚአብሔርም ይመስገን። ሆኖም ስንዴው የመጣው በአመዛኙ እዚያ ስንዴ ስለተረፈ ነበር። ጤፍ ነው የምትበሉት ወይስ በቆሎ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

የሚገዙበት ገንዘብ የሌላቸው

ጆን ኬኔዲ ለምርጫ ሲወዳደሩ በዌስት ቨርጂኒያ የድንጋይ ከሰል አገር ያዩት ድህነት ከልባቸው አልወጣም። ሥልጣን በያዙ ማግስት፣ በጃንዋሪ 21 ቀን 1961፣ ለችግረኞች የሚታደለው ምግብ እንዲጨመር አዘዙ። በሜይ መጨረሻም በዚያው ክፍለ ሀገር በማክዳወል አውራጃ አዲሱ የኩፖን ሙከራ ተጀመረ። ሰማያዊው ኩፖን ቀረ፤ መክፈል ግን አልቀረም። በኦገስት 31 ቀን 1964 ፕሬዚዳንት ጆንሰን ሙከራውን ቋሚ ሕግ አደረጉት።

የዛሬው የኮካ ክርክር በዚያን ጊዜም ነበረ። የተወካዮች ምክር ቤት ያቀረበው ረቂቅ ለስላሳ መጠጥንና “የቅንጦት” የተባለን ምግብ በኩፖን መግዛት ይከለክል ነበር። በመጨረሻ በጸደቀው ሕግ ግን እገዳው የአልኮል መጠጥንና ከውጭ አገር የሚገባ ምግብን እንጂ ለስላሳን አልነካም። ቅንጦት ምን እንደሆነ የሚበይን ማን ነው? አንዱ ቤት ቅንጦት የሆነው ሌላው ቤት የልጅ ልደት ነው። የውጭ አገር ምግብ እገዳውም በኋላ ተነሣ። ባይነሣ ኖሮ ዛሬ ከሐበሻ ሱቅ ከአገር ቤት የመጣ በርበሬና ሽሮ በካርዱ መግዛት ባልተቻለ ነበር።

ከኮካው ይልቅ ብዙ ሰው የጎዳው ግን ማንም ያልተከራከረበት ደንብ ነው፤ ኩፖኑን ለማግኘት አስቀድሞ ገንዘብ መክፈል። አሳቡ መጥፎ አልነበረም። ሰውየው ለምግብ ያወጣ የነበረውን ያህል ከራሱ ይክፈል፣ መንግሥት ይጨምርለት፤ ክብሩም ይጠበቅ፣ ገንዘቡም ወደ ሌላ አይሂድ ተባለ። በሚሲሲፒ ዴልታ ግን የጥጥ ለቀማው በማሽን ሲተካ ሠራተኛው ሥራውን አጣ፤ በእጁ ጥሬ ገንዘብ የሚባል ነገር የሌለው ቤተሰብ በዛ። አውራጃዎቹ ከነጻ እደላ ወደ ኩፖን ሲዞሩ፣ ትናንት ዱቄትና ወተት በነጻ ይቀበል የነበረው ቤተሰብ ዛሬ ኩፖን መግዣ አጣ። ይህን በ1967 ማሪያን ራይት የምትባል ወጣት ጥቁር ጠበቃ ለሴኔቱ አባላት መሰከረች። በአፕሪል ወር ሴናተር ሮበርት ኬኔዲ በዴልታ ቤት ለቤት ዞሩ፤ ሆዳቸው ያበጠ ሕፃናትንም በዓይናቸው አዩ።

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 55 ገንዘብ የሌላቸውን ወደ ገበያ የሚጠራበትን ቃል ብዙ ጊዜ ለመንፈሳዊ ነገር ብቻ እንሰብከዋለን። በዴልታ ግን ቃሉ ቀጥተኛ ትርጉሙን ይዞ ቆሞ ነበር።

ደንቡ እስኪነሣ አሥር ዓመት ፈጀ። ያነሡት የሁለት ተቃራኒ ፓርቲ ሰዎች ናቸው፤ ሪፐብሊካኑ ቦብ ዶልና ዴሞክራቱ ጆርጅ መክገቨርን። መክገቨርን የዌስሊያን ሜቶዲስት ሰባኪ ልጅ ነበሩ። የ1977ቱ ሕግ ክፍያውን አስቀረ፤ በጃንዋሪ 1979 ሥራ ላይ ሲውልም ተጠቃሚው ከቀደመው ወር በአንድ ሚሊዮን ተኩል ጨመረ። እነዚህ ሰዎች በጃንዋሪ በድንገት የተራቡ አይደሉም። በዲሴምበርም ተርበው ነበር፤ በሩ ላይ የሚጠየቀው ገንዘብ ስላልነበራቸው ግን በመዝገቡ ላይ አልታዩም።

እንግዳ የተቀበለችው ሴት

ከዚህ ሁሉ ታሪክ አንድ ብቻ ለመንገር ቢፈቀድልኝ ይህን እመርጥ ነበር። በ1971 ኮንግረስ በፉድ ስታምፕ ሕግ ላይ አንድ አንቀጽ ጨመረ። በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ በዘመድነት ካልተሳሰሩ ቤቱ እርዳታ አያገኝም የሚል ነው። ከምክር ቤቱ መዝገብ እንደሚታየው የታሰበው በዚያ ዘመን ሂፒ የሚባሉትን በኅብረት የሚኖሩ ወጣቶች ለማስወጣት ነበር። ሂፒዎችን ማን ይወዳል? የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ብዙዎቹ አይወዷቸውም ነበር።

ደንቡ የያዘው ግን ሌሎችን ነው። የስኳር ሕመም ያለባት የ56 ዓመት ሴት ሦስት ልጆች ካሏት ሌላ ሴት ጋር ወጪ ተጋርታ ትኖር ነበር፤ ባለቤቲቱም ታስታምማታለች። ዘመድ ስላልሆኑ እርዳታው ይቋረጥ ተባለ። ሌሎች ባልና ሚስት ከሦስት ልጆቻቸው ጋር ሲኖሩ የተቸገረች የ20 ዓመት ወጣት ተቀብለው አስጠጉ። በዚህ ምክንያት የነሱም ሊቆረጥ ሆነ። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በጁን 1973 ደንቡ ሰባት ለሁለት በሆነ ድምፅ ተሻረ። ፍርድ ቤቱ በሕዝብ ዘንድ ያልተወደደ ወገንን ለመጉዳት መፈለግ ብቻውን የመንግሥት ሥራ ምክንያት ሊሆን አይችልም አለ።

አሁን ወደ ጢሞቴዎስ መልእክት ተመለሱ። በጳውሎስ መዝገብ ላይ እንግዳ መቀበል መበለቲቱን የሚያስመዘግባት ነገር ነው። በ1971ዱ ደንብ እንግዳ መቀበል ከመዝገብ የሚያስሰርዝ ሆነ። ሁለቱም “መመዘኛ” ናቸው፤ ግን ምን ያህል ይራራቃሉ! በአንድ መኝታ ቤት ሦስት ሆነን የኖርን፣ ከአገር ልጅ ጋር ኪራይ ተካፍለን የተነሣን ሰዎች ይህን ደንብ በቀላሉ ልናልፈው አይገባንም።

በዚያው በ1973 ኮንግረስ ሌላ ደስ የሚል ነገርም አደረገ። በኩፖን ምግብ የሚሰጥ ዘርና ችግኝ መግዛት ተፈቀደ። እስከ ዛሬም የቲማቲም ወይም የቃሪያ ችግኝ በካርዱ ይገዛል፤ ይህን የማያውቁ ብዙ እናቶች አሉ። በአንጻሩ ተጠብሶ የሞቀ ዶሮ አይገዛም፤ ያው ዶሮ ቀዝቅዞ ሲሸጥ ግን ይገዛል። ማታ ከሥራ ደክሞ ለሚመጣ ሰው ይህን ማስረዳት አስቸጋሪ ነው።

ከ1996 ወዲህ

በኦገስት 1996 የወጣው የዌልፌር ማሻሻያ ሕግ ሁለት ነገር አጠበቀ። ልጅ የማያሳድግ ጤነኛ ጎልማሳ በወር 80 ሰዓት ያህል ካልሠራ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ወር በላይ እንዳይረዳ ተወሰነ። ሕጋዊ መኖሪያ ያላቸው ስደተኞች አብዛኛዎቹ ከነጭራሹ ተሰረዙ። በስደተኝነትና በጥገኝነት የመጡ ሰዎች ግን በዚያ ጠንካራ ሕግ እንኳ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተጠብቀው ነበር፤ ባዶ እጁን የመጣ ሰው መጀመሪያ እንደሚቸገር ሕግ አውጪዎቹ ያውቁ ነበር። በ2002 ግሪን ካርድ ይዞ አምስት ዓመት ለኖረና ለልጆች ተመለሰ። በ2004 የወረቀቱ ኩፖን በመላ አገሪቱ በካርድ ተተካ፤ በሰልፍ ላይ ወረቀት መቁጠርና የኋላ ሰው መገላመጥ ቀረ። በ2008 ስሙ ስናፕ ሆነ፤ እኛ ግን ዛሬም ፉድ ስታምፕ እንላለን።

የኮካው ጥያቄም አልሞተም። ሚኔሶታ በ2004፣ ኒው ዮርክ ከተማ በ2010 ጣፋጭ ነገር በካርዱ እንዳይገዛ ፈቃድ ጠየቁ፤ የግብርና ሚኒስቴሩ ሁለቱንም አልፈቀደም። በ2016 ሚኒስቴሩ ራሱ ያወጣው ጥናት በካርድ ከሚገዛ ቤተሰብ ከየ100 ዶላሩ 5 ዶላር ገደማ ለለስላሳ እንደሚውል፣ ካርድ ከሌለው ቤተሰብ ደግሞ 4 ዶላር ገደማ እንደሚውል አሳየ። ልዩነት አለ፤ ግን ባለካርዱ ከጎረቤቱ የተለየ ፍጥረት አለመሆኑም ታየ። በ2025 የመንግሥት አቋም ተለወጠ፤ በሜይ ወር ነብራስካ የመጀመሪያው ፈቃድ ተሰጣት፣ ኢንዲያና፣ አይዋ፣ ቴክሳስና ሌሎችም ተከተሉ።

ለስላሳው ይታገድ የሚሉትን ሁሉ የድሃ ጠላት አድርጌ አላይም። ስኳር በወገኖቻችን መካከል ምን እያደረገ እንደሆነ እያየን ነው። ነገር ግን በማሳቹሴትስ ሃምደን አውራጃ በ2011 እና 2012 የተሞከረው መንገድ ይበልጥ ይማርከኛል። አትክልትና ፍራፍሬ ለገዛ በየዶላሩ 30 ሳንቲም ተመለሰለት፤ ተመላሹን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ሩብ ያህል ጨምረው አትክልትና ፍራፍሬ በሉ። ማንም አልተከለከለም፣ ማንም አልተሸማቀቀም።

ደግሞ መንግሥትን ስንወቅስ የራሳችንን ጓዳ እንይ። ብዙ አጥቢያዎች ለችግረኛ የምግብ ካርቶን ያዘጋጃሉ። በካርቶኑ ውስጥ የሚገባውን የሚመርጠው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ከየቤታችን መደርደሪያ የተረፈው ቆርቆሮ ነው፤ ያም በ1939 የታደለው ሰማያዊ ኩፖን ነው። በዘዳግም 14 እግዚአብሔር አሥራቱን በብር ለውጦ ለሚመጣው ሕዝቡ ልቡ የወደደውን እንዲገዛና ከቤተሰቡ ጋር በፊቱ ደስ እንዲለው ይፈቅዳል፤ ወዲያውም በየሦስተኛው ዓመት መጻተኛው፣ ወላጅ አልባውና መበለቲቱ እንዲጠግቡ ያዛል። መጥገብ ነው የተባለው። በዚህ ምክንያት ካርቶኑን ትተው የሱቅ ካርድ የሚሰጡ አጥቢያዎች ልክ ናቸው እላለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ዘንቢሉ ሳይሆን መዝገቡ ነው። በጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ የሥራ ግዴታውን እስከ 64 ዓመት አራዘመ፤ በ1996 እንኳ ያልተነኩትን፣ በስደተኝነት የመጡትንና ጥገኝነት ያገኙትንም ግሪን ካርድ እስኪያገኙ ድረስ ከመዝገቡ አወጣ። እነዚህ ሰዎች ለግሪን ካርድ ማመልከት የሚችሉት አንድ ዓመት ከቆዩ በኋላ ነው፤ መልሱም ጊዜ ይወስዳል። ከሱዳን ወይም ከኬንያ መጠለያ የሚመጣ ቤተሰብ ቋንቋ፣ ሥራና መኪና ሳይኖረው የሚያልፍበት የመጀመሪያው ዓመት ነው የተቆረጠው።

እንዲህ ያለ ቤተሰብ በአጥቢያችሁ ካለ፣ ዲያቆናቱ የሚከተለውን ቢያውቁ ይጠቅማል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት የሚሰጠው ዊክ የሚባለው እርዳታና የትምህርት ቤት ምሳ የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት አይጠይቁም። እዚህ አገር የተወለደ ልጅ ዜጋ ስለሆነ ወላጆቹ ባይፈቀድላቸውም ለእሱ ማመልከት ይቻላል። ግሪን ካርድ ያለው ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅም አምስት ዓመቱን መጠበቅ የለበትም። ቅጹን አብሮ የሚሞላ ሰው ያስፈልጋል፤ የግሪን ካርዱ ማመልከቻም ዓመቱ በሞላ ማግስት እንዲገባ ቀኑን አብሮ የሚቆጥር ሰው ቢመደብ ጥሩ ነው።